ከአንድ ሜትር ጨርቅ የሚወጣ ጉርድ

የዛሬው ዝግጅት ስለ ልብስ ስፌት ነው። ቁጥሮች ስላሉበት ወረቀትና እርሳስ ቀረብ ቢል መልካም ነው፤ ዋና ዋናዎቹ ቁጥሮችም በመሐል ይደገማሉ።

ወገቧ 76፣ ዳሌዋ 96 ሴንቲ ሜትር የሆነች ሴት ወርዱ 150 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጨርቅ አንድ ሜትር ብትወስድ እስከ ባቷ የሚወርድ፣ ወገብ ላይ ተጠምጥሞ የሚታሰር ጉርድ ቀሚስ ይወጣላታል። ዚፕ አይገባበትም፤ ቁልፍም ላስቲክም አይፈልግም። የስፌት መኪና ከሌለ በእጅ መርፌ ይሰፋል። ከጨርቁም የሚጣል ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ይህን ማወቅ በተለይ ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ነዋሪ ይጠቅማል። ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ አዲስ አበባን ከበው የተቀመጡ ከተሞች ናቸው፤ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጎረቤት ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ከሦስቱም ወደ መርካቶ ጨርቅ መሸጫዎች በታክሲ ይደረሳል። የሱሉልታ ሰው በአዲሱ ገበያ በኩል ሲወርድ ሽሮ ሜዳና ሸማኔዎቿ ሩቅ አይደሉም። ጨርቁ ቅርብ ነው። የሚከብደው ልብስ ሰፊ ጋ ተራ ማግኘቱ ነው፤ በተለይ ከነሐሴ እስከ መስከረም መጨረሻ። በእነዚህ ሳምንታት የተማሪ ዩኒፎርም፣ የእንቁጣጣሽና የመስቀል ልብስ፣ ከዚያም የኢሬቻ ልብስ ይደራረባል። በየበረንዳው መኪናውን በእግሩ የሚረግጠው ሰፊ እስከ ማታ ቀና አይልም። በዚያ ሰሞን አንድ ጉርድ ይዞ የሄደ ሰው «ከበዓል በኋላ ተመለሺ» ቢባል አይገርምም።

በሰበታ በኩል ሌላም ነገር አለ። ዓለም ገና አጠገብ በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቱርክ ባለሀብቶች ፋብሪካ፣ አይካ አዲስ፣ ጥጡን ፈትሎ፣ ጨርቁን ሠርቶና ቀልሞ፣ ልብሱንም ሰፍቶ ወደ ጀርመን ይልክ ነበር። እንዲህ ባለ ፋብሪካ ሥራው በመስመር ይከፋፈላል፤ አንዷ ሠራተኛ እጅጌ ብቻ፣ ሌላዋ አንገት ብቻ፣ ሌላዋ ጠርዝ ብቻ ስትሰፋ ትውላለች። እጇ ይፈጥናል፣ ስፌቷም ቀጥ ያለ ይሆናል። ግን ጨርቅ ከመምረጥ እስከ መልበስ ያለውን ሥራ በሙሉ በአንድ እጅ የመጨረስ ዕድል እዚያ የለም። ተጠምጣሚ ጉርድ ይህን ዕድል በአንድ ቀን ሥራ ይሰጣል። ጀማሪ ሁሉ በዚህ ልብስ ቢጀምር የሚሻለውም ለዚህ ነው። ሱሪ ቢሆን የእግር መሐሉ ያስቸግራል፤ ሸሚዝ ቢሆን ኮሌታና እጅጌው ያሰለቻል። ጉርዱ ግን ሁሉም ስፌቱ ቀጥ ያለ መስመር ነው።

ወገብ ላይ ጨርቅ መጠምጠም ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። አፋርና ሶማሌ ሽርጥ ይታጠቃል። ደገኛው በሥራ ሰዓት ጋቢውን ያገለድማል። እናቶች ቀሚሳቸውን በመቀነት ያስራሉ። ውጭ አገር ሲታይ ደግሞ ዳያን ቮን ፈርስተንበርግ የተባለችው ልብስ ነዳፊ በ1974 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ ፊት ለፊት ተደርቦ በወገብ የሚታሰር ቀሚስ ገበያ ላይ አውጥታ ስሟ በዓለም ናኝቷል። ያን ቀሚስ ሴቶች የወደዱት ልክን ስለማያስጨንቅ ነው፤ ሰውነት ቢወፍርም ቢከሳም ማሰሪያው ጠበቅ ወይም ላላ ይላል እንጂ ልብሱ አይጣልም። ለነፍሰ ጡር፣ ለአራስ፣ ገና ለምታድግ ልጅ ከዚህ የሚመች ልብስ ማግኘት ይከብዳል።

አሁን ወደ ጨርቁ። ገበያ ላይ ከሚገኙት ውስጥ ለጀማሪ የሚሆነው የማይለጠጠው ነው። መለየቱ ቀላል ነው፤ ጨርቁን በሁለት እጅ ይዞ ወደ ጎን መሳብ ነው። ተለጥጦ ከተመለሰ የቲሸርት ዓይነት፣ እንደ ሹራብ በቀለበት በቀለበት የተሠራ ጨርቅ ነው። ከአይካ አዲስ የሚወጣውም በአብዛኛው የዚህ ዓይነት ነበር። ለቲሸርትና ለፒጃማ ግሩም ነው፤ ለዚህ ጉርድ ግን ከመርፌው ሥር እየሸሸ ያስቸግራል፣ ወገቡም ውሎ አድሮ ይረግባል። የሚፈለገው ድርና ማግ ያለው ጨርቅ ነው፤ ካኪ፣ ቴትሮን፣ ወፈር ያለ ጥጥ፣ ስስ ጂንስ። አቡጀዲም ለመለማመጃ ይሆናል፤ ርካሽ ነው፣ ካውያ ይይዛል፣ ቢበላሽም አያንገበግብም።

ጥጥ ውኃ ሲነካው ይሰበሰባል፤ በሜትር ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ስሌቱ አንድ ሜትር ቢሆንም የሚገዛው አንድ ሜትር ከ10 ነው። ጨርቁ ቤት እንደገባ ከመቀስ በፊት ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ በካውያ ይተኮሳል። ይህን የዘለለች ሴት ጉርዷ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ሲያጥር ጥፋቱ የስፌቱ ይመስላታል።

ልክ ለመውሰድ የልብስ ሰፊ ሜትር ከሌለ ሲባጎ ይበቃል። ሲባጎው ወገብ ላይ ይዞርና የተገናኘበት ቦታ ይቋጠራል፤ ዳሌ ላይ ደግሞ በጣም ሰፊው ቦታ ይዞርና ሁለተኛ ቋጠሮ ይደረጋል፤ ከወገብ እስከ ባት ደግሞ ሦስተኛ። ሰበታ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቷ በአገር የታወቀች ከተማ ናት፤ ይህን ዝግጅት ከዚያ ሆኖ የሚሰማም ይኖራል። ቋጠሮ በጣት ይነበባል፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሥራም አብዛኛው በመዳሰስ የሚከናወን ነው። ወገብና ዳሌ ሲለካ ትንፋሽ አይያዝም፣ ሲባጎውም አይጠብቅም፤ ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን።

አሁን ስሌቱ። የጉርዱ ስፋት ዳሌ ሲደመር የዳሌ ግማሽ ነው። ዳሌ 96 ከሆነ ግማሹ 48፣ ድምሩ 144 ይሆናል። ጨርቁ ወርዱ 150 ነው፤ ግራና ቀኝ 2፣ 2 ሴንቲ ሜትር ሲታጠፍ 146 ይቀራል፤ ይበቃል ማለት ነው። ይደገማል፦ ዳሌ 96፣ ግማሹ 48፣ ድምሩ 144፤ ያለን 146። ያ ግማሽ ትርፍ ፊት ለፊት የሚደረበው ነው፤ ስፋቱ 50 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ድራቡ ከ35 ካነሰ ስትቀመጥ፣ ታክሲ ስትሳፈር፣ ነፋስ ሲነሳ ይከፈታል። ስለዚህ ጨርቅ ለመቆጠብ ተብሎ ድራቡ አይነካም።

ቁመቱ ቀላል ነው፦ 75 የጉርዱ፣ 4 ከታች ለጠርዝ፣ 1 ከላይ ለመስፊያ፤ ድምሩ 80። ከአንድ ሜትሩ 80 ሲነሳ 20 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። ይህ ቀሪ እኩል ለሁለት ይቆረጣል፤ እያንዳንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ 150 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቅዳጅ ይሆናል። ሁለቱ ቅዳጆች መቀነቱ ናቸው። ቆረጣው ይኸው ነው፤ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች። በጠመኔ ተሰምሮ፣ ጠረጴዛ ከሌለ ንጹሕ መሬት ላይ ጨርቁን ዘርግቶ፣ መቀሱን ከመሬቱ ሳያነሱ መቁረጥ።

መቀነቱ የዚህ ልብስ ቁልፍ ሥራ ያለበት ቦታ ስለሆነ ዘርዘር ብሎ ይነገራል። ጉርዱ ሲጠመጠም ከሥር የሚገባው ጫፍ ማሰሪያ በላይኛው ድራብ በኩል ወደ ውጭ መውጣት አለበት፤ አለዚያ ሁለቱ ማሰሪያዎች አይገናኙም። ስለዚህ መቀነቱ ላይ ቀዳዳ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን ቀዳዳ በመቀስ በስቶ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ይዘመዝመዋል፤ ለጀማሪ እጅ ከባድ ነው፣ ይተረተራልም። ቀላሉ መንገድ ሁለቱ ቅዳጆች የሚጋጠሙበትን ስፌት ራሱን ቀዳዳ ማድረግ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ቅዳጆች ፊትና ፊታቸው ተገጥሞ ጫፍ ለጫፍ ይደረደራሉ። መጋጠሚያው 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ከላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሰፋል፤ ቀጥሎ 3 ይዘለላል፤ መሐሉ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ እንደገና 3 ይዘለላል፤ የመጨረሻው አንድ ተኩል ይሰፋል። አንድ ተኩል፣ ሦስት፣ አንድ፣ ሦስት፣ አንድ ተኩል፤ ድምሩ ዐሥር። እያንዳንዱ የተሰፋ ቦታ ጫፉና ጫፉ ላይ ሁለቴ ይደገም፣ ጉተታው የሚያርፈው እዚያ ነውና። ቅዳጁ በቁመቱ እኩል ሲታጠፍ የተዘለሉት ሁለት ክፍተቶች አንዱ በሌላው ላይ ያርፋሉ፤ ጣት ሲገባ በሌላው ወገን ይወጣል። ያ ነው ቀዳዳው። መቀስ አልነካውም፣ ክሩም አይተረተርም።

ይህ መጋጠሚያ የት ላይ ይዋል? ከሥር ከሚገባው የጉርዱ ጫፍ ሙሉ የወገብ ልክ ርቆ፣ ከላይ ከሚደረበው ጫፍ ደግሞ ግማሽ የወገብ ልክ ርቆ። ወገብ 76 ከሆነ በአንዱ በኩል 76፣ በሌላው 38 ነው። የወገብ ልክ ለማንም ቢለያይ ሕጉ አይለወጥም፤ ሙሉ ወገብ ወደ ውስጠኛው፣ ግማሽ ወገብ ወደ ውጭኛው። ለመስፊያ ከሚሄደው በኋላ በውስጠኛው በኩል 72 ሴንቲ ሜትር፣ በውጭኛው በኩል 110 ሴንቲ ሜትር ማሰሪያ ይተርፋል። ውጭኛው በጀርባ ዞሮ ስለሚመጣ መርዘሙ ተገቢ ነው።

መቀነቱ ከመሰፋቱ በፊት ግን የጉርዱ ላይኛው ጠርዝ መጥበብ አለበት። ታች 146 የሆነው ላይ ወደ 114 ይወርዳል፤ ይኸውም ወገብ 76 ሲደመር ግማሹ 38 ማለት ነው። መቀነስ ያለበት 32 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በስምንት ሽንሽን ሲካፈል ለእያንዳንዱ 4 ይደርሳል። በጠመኔ 4 ሴንቲ ሜትር የተራራቁ ሁለት ነጥቦች ይደረጋሉ፤ አንዱ ነጥብ ተነሥቶ ሌላው ላይ ይጋደምና በስፒል ይያዛል። በየሁለቱ ሽንሽን መካከል 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይተዋል። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይጋደሙ። ስምንቱ ሲያልቁ ላይኛው ጠርዝ እንደገና ይለካል፤ 114 ካልመጣ ከሽንሽኖቹ አንዱን ጠበቅ ወይም ላላ ማድረግ ነው እንጂ ሥራውን ማፍረስ አያስፈልግም።

ከዚያ በፊት ግን የግራና የቀኝ ጎኑ ይታጠፋል። የፋብሪካ ጨርቅ ዳሩ ስለማይተረተር አንዴ 2 ሴንቲ ሜትር ማጠፍ ይበቃል። የታችኛው ጠርዝ ግን ተቆርጦ የመጣ ስለሆነ መጀመሪያ 1፣ ቀጥሎ 3 ሴንቲ ሜትር ታጥፎ ይዘመዘማል። እያንዳንዱ እጥፋት ከመሰፋቱ በፊት ካውያ ይረፍበት፤ የከሰልም ይሁን የኤሌክትሪክ። የታጠፈ ጨርቅ ካልተተኮሰ መርፌው መንገድ ይስታል።

መቀነቱ ከጉርዱ ጋር ፊትና ፊቱ ተገጥሞ ከጠርዙ 1 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ይሰፋል፤ ከዚያ ሌላው ጠርዙ 1 ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ በጉርዱ ጀርባ ላይ ተኝቶ ይዘመዘማል። ከጉርዱ ውጭ የሚንጠለጠሉት ማሰሪያዎች ሁለቱም ጠርዛቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ለሁለት ይገጠምና በቀጭኑ ይሰፋሉ። ሲያልቅ መቀነቱ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኖረዋል።

መኪና ለሌላት ሴት ጠንካራው የእጅ ስፌት የኋልዮሹ ነው። መርፌው ወደ ፊት ይወጣል፣ ግማሽ መንገድ ወደ ኋላ ተመልሶ ይገባል፣ ከፊተኛው ቀደም ብሎ ይወጣል። በፊቱ በኩል ሲታይ የመኪና ስፌት ይመስላል፤ አንዱ ቦታ ቢበጠስ ቀሪው አይፈታም። የስፌቱ ርዝመት 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። ክሩ ከክንድ ተኩል አይርዘም፤ የረዘመ ክር ይጠላለፋል፣ ጨርቁን ሲመላለስበትም ይሳሳል። መቀነቱና መጋጠሚያው በኋልዮሽ ይሰፉ፤ ጠርዞቹ ግን በተራ ዝምዝማት ይበቃቸዋል። መኪና ላላት ደግሞ አይዛክ ሲንገር በ1851 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት ፈቃድ ያወጣበት ዓይነት ቀጥ ያለ ስፌት ለዚህ ልብስ ከበቂ በላይ ነው፤ በእግር የሚረገጠው መኪና መብራት ሲጠፋም አይቆምም።

ሁሉም ሰው ወርዱ 150 የሆነ ጨርቅ አያገኝም። አበባና ሐረግ የታተመባቸው የአፍሪካ ጨርቆች ብዙ ጊዜ ወርዳቸው 115 አካባቢ ነው። በዚህ ጊዜ ጨርቁ ይዞራል፤ ከታጠበ በኋላ 1 ሜትር ከ50 የሚቀር ይገዛና ርዝመቱ የጉርዱ ስፋት፣ ወርዱ የጉርዱ ቁመት ይሆናል። ከ115 ውስጥ 80ው ለጉርዱ፣ 20ው ለመቀነቱ ይሄዳል፤ 15 ደግሞ ለኪስ ይተርፋል። ሥዕሉ ቀጥ ብሎ የሚታይ ወፍ ወይም ዛፍ ከሆነ ግን ሲዞር ይተኛልና፣ በሁሉም አቅጣጫ የሚያምር ሥዕል መምረጥ ነው። የግራና የቀኝ ጎኑ በዚህ ጊዜ የተቆረጠ ስለሆነ እሱም ድርብ ይታጠፋል፤ 1 እና 1።

የሽሮ ሜዳ ሸማ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። የእጅ ሽመና ጨርቅ ከፋብሪካው ይጠባል፤ ሸማኔው በእጁ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ስለሚያቀብል ወርዱ ከክንዱ መድረሻ አያልፍም። ስለዚህ ሁለት ወርድ ጎን ለጎን ይገጠማል። መጋጠሚያው ከሥር በሚገባው በኩል ቢውል ከውጭ አይታይም። ጥለት ካለው ጥለቱ ታችኛው ጠርዝ ላይ ይውላል፤ ያኔ የ4 ሴንቲ ሜትሩ እጥፋት አያስፈልግም። ሸማ ሳሳ ስለሚል ግን ገበር ይፈልጋል።

ገበር ካነሣን ሱሉልታ ትምጣ። ከእንጦጦ ማዶ ያለው ያ ሜዳ ብርዳም ነው፤ አትሌቶች የሚሮጡበት ከፍታው፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ነፋሱ ያስታውቃል። እዚያ ለሚለበስ ጉርድ ወፍራም ካኪ ወይም ጂንስ ይሻላል። ገበሩ ስፋቱ ከጉርዱ ጋር እኩል፣ ቁመቱ ግን 3 ሴንቲ ሜትር አጥሮ ይቆረጣል፤ ሽንሽኑ ከመያዙ በፊት ሁለቱ ተደራርበው እንደ አንድ ጨርቅ ይሠራሉ። ለነፋሱ ደግሞ ከመቀነቱ 25 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ በድራቡ ውስጥ በኩል የማይታይ አንድ የብረት መንጠቆ ወይም ተጫኝ ቁልፍ ይደረጋል። ከዚያ በታች ቢሆን እርምጃ ይይዛል፤ ከዚያ በላይ ቢሆን ነፋሱን አይከለክልም።

ለኢሬቻ የምታዘጋጅ ሴት ጉርዱን በነጭ ጨርቅ ሰፍታ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ሪባን ከላይ በሚደረበው ጫፍ ላይ ከመቀነት እስከ ጠርዝ ቁልቁል ብታወርድ ያምርባታል። በዓሉ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በሆራ ፊንፊኔም ስለሚከበር፣ ከሦስቱም ከተሞች ብዙ ሰው ማልዶ በእግሩ ይወጣል፤ ድራቡ ሰፊ የሆነ ጉርድ ለረጅም እርምጃ ይመቻል። ሪባኑ የሚሰፋው ጎኑ ከታጠፈ በኋላ፣ መቀነቱ ከመግባቱ በፊት ነው፤ ያኔ የላይኛው ጫፉ መቀነቱ ውስጥ ይደበቃል። ሪባኑም ልክ እንደ ጨርቁ ቀድሞ ይታጠብ፤ ቀዩ ቀለም ነጩን እንዳይነካው ረጥቦ ነጭ ጨርቅ ላይ ታሽቶ ይፈተሽ።

ዳሌዋ ከ97 ሴንቲ ሜትር ለሚበልጥ ሴት 150 ወርድ ለሙሉ ድራብ አይበቃም። 110 ቢሆን የሚያስፈልገው 165 ነው። ያኔ ከሌላ ቁራጭ፣ 80 ቁመትና 22 ወርድ ያለው፣ ከሥር በሚገባው ጎን ላይ ይቀጠላል፤ ቁራጩ ሌላ ቀለም ቢሆንም አይታይም፣ የተረፈ የገበር ጨርቅም ይሆናል። መቀነቱም በዚያው ልክ ስለሚረዝም ከውስጠኛው ማሰሪያ ላይ ይቀነሳል፤ ከቀዳዳው ወጥቶ ለቋጠሮ 40 ሴንቲ ሜትር ከቀረው በቂ ነው።